ለአባ መዝጊያ የተተከለው ድንኳን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለብሩኬ ኃይለመስቀል፣ ካለህበት ካምፓላ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ የወገብ ሕመም እዚያም ተከትሎህ ሄደ ወይስ ኮልፌ ቀረ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እህሉ ይስማማሃል? የዚያ አገር ሰው ሙዝ ቀቅሎ እንደ እንጀራ ይበላል ብሎ የአጎታችን ልጅ ማኑሄ ከነገረኝ ወዲህ ሆድህን ሳስብ ነው የከረምኩት። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን እንደ ልማድህ ዓይንህን ወርውረህ እንዳታልፈው፤ ምን ዓይነት ደህና እንደሆንን ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ። አባባም አሉ። ይህቺን "አሉ" የምትለዋን ቃል ጽፌ ደግሜ ያነበብኩበትንም ምክንያት ታገኘዋለህ።

በዚህ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ስደውልልህ ታነሳለህ፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፤ አባባ እኮ ብዬ ስጀምር ኔትወርኩ ይጠፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ላይ ሲደርስ ብቻ የሚጠፋ ኔትወርክ ያለህ አንተ ነህ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። ማኑሄ ለንግዱ ነገ ማታ ስለሚበር በእጁ ልኬዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤትህ መጥቶ አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ በሚካኤል አስምዬዋለሁ፤ ስለዚህ አጥፈህ ኪስህ ውስጥ ለመክተት አትድከም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። የአባባ ልብ ደክሟል። ሐኪሙ ደስ የሚላቸውን ነገር አድርጉላቸው አለን። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለአንተ አላስረዳህም። ደስ የሚላቸውን ነገር ደግሞ እኔም አንተም እናውቀዋለን፤ በአፋቸው አይሉትም እንጂ የልጃቸውን ድምፅ ነው የሚፈልጉት።

አሁን ወደ ጨዋታህ ልምጣ። ጨዋታ ስለው እንኳ አፌ ያፍራል። በየቅዳሜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስት ጢምና ሥራ ያላቸው ጓደኞችህ፣ ሔለን ጢሙ ይቅርባትና፣ የቤታችን የጓሮ ክፍል ውስጥ ይታጎራሉ። ጉዲሳ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ፣ ሔለን የፋርማሲ ፈረቃዋን ቀይራ፣ ኑሕ የሰው ሱሪ በስፌት መኪናው ላይ ግማሹን ጥሎ። ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ ያስደግፉትና አንተ ከካምፓላ ትመጣለህ። ከዚያ አንተ በቃል በምትፈጥራት ከተማ ውስጥ ጉዲሳ ጦረኛ ይሆናል፣ ሔለን መድኃኒት ቀማሚ፣ ኑሕ ሌባ። ኑሕ በዕድሜው የሰው መርፌ እንኳ አንስቶ የማያውቅ ልጅ፣ በጨዋታ ሌብነት አማረው። የቀረውን ሕዝብ ሁሉ፣ ሹሙን፣ ነጋዴዋን፣ አህያ ነጂውን፣ ዘበኛውን፣ አንተ ትናገርለታለህ። እነሱም ከእነዚህ ከሌሉ ሰዎችህ ጋር ይወዳጃሉ። ወይ ጉድ!

ከሁሉም የከፋው የአባ መዝጊያ ነገር ነው። የከተማዋ ምዕራብ በር ጠባቂ ሽማግሌ፤ እሱ ካልከፈተ ማንም አይገባም። ይህን ሰውዬ ለመወዳጀት ያልሆኑት የለም። ሔለን ለእሱ ብቻ ደብተር አላት። የሚወደው ምን እንደሆነ፣ የሚያስቆጣው፣ ጉልበቱ በየትኛው ወር እንደሚብስበት፣ የሞተችው ሚስቱ ስም ሳይቀር ተጽፏል። አራት ዓመት ቤቷን የተከራየቻትን ሴትዮ ስም ማን ነው ብዬ ብጠይቃት እማማ ነው የምላት አለችኝ። ጉዲሳ ደግሞ የሰፈራችንን ጥበቃ ገብረአምላክን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ መብራት ምሰሶ ሲያልፈው የኖረ ሰው፣ ለወረቀት ዘበኛ ማር ተሸክሞ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተራራ ወጣ። ማር! ገብረአምላክ ከጉዲሳ ያገኘው ነገር ቢኖር የሞተር ሳይክሉን ጭስ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ነው።

ደግሞ ወዳጅነቱን በጠጠር! ያንን ባለ ሃያ ጎን ጠጠር ይጥላሉ፤ ከአሥራ አምስት በላይ ከወጣ ሰውየው ወደዳቸው፣ ዝቅ ካለ ፊቱን አዞረ። ሃያ ዓመት ባልዲና ጆግ ስሸጥ ደንበኛ በጠጠር ሲመጣልኝ አላየሁም። ሰው እንዲህ አይያዝም። ይመላለሱበታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ልጁን ሲድር ወጥ ያወጡለታል፣ ይጣሉታል፣ ይታረቁታል። ይህንን ነግሬያቸው ነበር። ጉዲሳ ለካስ እርስዎም ቢጫወቱ ይችሉበታል አለኝ። ባልዲ ነበር የጨበጥኩት፤ እግዜር ጠብቆታል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሐምሌ ላይ፣ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ ሳለሁ፣ ኑሕ በሩን ክፈት ብሎ ጠጠሩን ጣለ። ሃያ ወጣለት፤ ጮቤ ረገጠ። አንተ ግን በአባ መዝጊያ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሳልክና "ሰላምታህ ሳይገባ አንተ አትገባም" አልከው። ጤናዬን ሦስት ጊዜ ያልጠየቀኝ ሰው ሃያም ቢጥል መቶ በሬን አያይም አልክ። ልብስ መስቀያው ከእጄ ወደቀ። አባባ ክፍሉ ውስጥ ያሉ መስሎኝ ዞሬ ብመለከት፣ አባባ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ምን ያደርጋሉ ስላቸው ፀሐይ እየሞቅኩ ነው አሉኝ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

የማንን ዓይን ነው የምትሸፍነው፣ ብሩኬ? ሁለቴ ማሳሉን፣ ያንን የሰላምታ ነገር፣ ኪሱ ከረሜላ የማያጣውን፣ አርባ ዓመት ቁልፍ የቀረጸ ሰው እጅ የሚመስለውን እጁን፣ ሁሉንም ከቤታችን ነው የሰረቅከው። ሌባው ኑሕ አይደለም፣ አንተ ነህ። በየቅዳሜው ለሦስት ሰው አባትህን ትሆናለህ፤ ለአባትህ ግን ልጃቸው መሆን አቃተህ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩህ አንድ ቀን ራሱ ያፍር ይሆናል ብዬ ነው። አይ የዋህነቴ!

ቂምህን አውቃለሁ። ጸበሉን አልረሳሁም። አባባ በዚያ መብራት በጠፋበት ምሽት ክፍልህን ከፍተው ሻማ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠርና ቀንድ ያለው አውሬ ሥዕል ባንድ ጠረጴዛ ላይ አገኙ። ልጄ ጠጠር ጣይ ሆነብኝ ብለው በማግሥቱ አንድ ጀሪካን ጸበል አምጥተው ደብተሮችህ ላይ አርከፈከፉት። የአራት ዓመት ጽሑፍህ ቀለሙ ፈሰሰ። አዝናለሁ፤ ያኔም አልቅሼልሃለሁ። ግን እስቲ በእውነት ንገረኝ፣ በኮልፌ ምድር ይህንን አይቶ ጸበል የማይረጭ አባት አለ? እኔም ብሆን እረጭ ነበር። ለደብተር ተብሎ ሦስት ዓመት አባት ይኮረፋል? ትልቅ ሰው መስለኸኝ!

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ አባ መዝጊያን ገደልከው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ በሩ ሥር እንቅልፍ ወሰደው፣ አልነቃም አልክና ስልኩን ዘጋህ። ምን አድርጎህ እንደገደልከው እስካሁን አልገባኝም። ሔለን ዓይኗ አብጦ ወጣች። ኑሕ ሻይ ብሰጠው አልጠጣም አለ። እኔ ደግሞ የልቤን ስቄ ወደ ሥራዬ ገባሁ፤ ስቄ አልቀረሁም።

እሑድ ከባሌ ከደሜና ከልጃችን ከርሆቦት ጋር አስኮ አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። አባባ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበራቸው። ቤቱ ባዶ መሆኑን ያዩት ሦስቱ ብልሆች ወዳጅ ሞቶ ዝም አይባልም፣ ነውር ነው ተባባሉና ለአባ መዝጊያ ለቅሶ ተቀመጡ። ፍራሽ አውጥተው ግቢው ውስጥ ዘረጉ። ሔለን ጥቁር ሻሽ አሰረች። ኑሕ ንፍሮ አስቀቅሎ መጣ። ያ ብረት የሚያጎብጠው ጉዲሳ አገጩን በመዳፉ ይዞ ተከዘ። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም ብለው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ሥርዓቱን እንደሆነ አንድም አላጓደሉም፤ የጎደለው ሬሳው ብቻ ነው።

ኮልፌ ተወልደህ ያደግህ ነህ፣ የእኛን ሰው ታውቀዋለህ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይዘግናል፤ የሟቹን ስም ኋላ ይደርስበታል። ጎረቤታችን እማማ ሰዓዳ በበሩ ሲያልፉ ፍራሹንና ጥቁር ሻሹን አዩ። እኔ የለሁ፣ አባባ የሉ፤ የአባባን ልብ መድከም ደግሞ ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ወይኔ ጎረቤቴ እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጉዲሳ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ኋላ ለምን ዝም አልክ ብዬ ባፋጥጠው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የሰፈሩ ሰው ለአባ መዝጊያ እንዲህ ማዘኑ ልቤን ነካው! ከብየዳው ጭስ የተረፈች አእምሮ ካለችው እሷንም ጨዋታው በልቷታል።

የእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ደግሞ እዚያው ማዶ ነበር። ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ባጫ ጥሩምባቸውን አነሱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ የእኛንና የእማማ ሰዓዳን በር አንድ ላይ ሸፍኖ መንገዱ ላይ ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ፣ ብረት ድስቱ ወጣ። እኔ ከታክሲ ወርጄ ከፌርማታው ስታጠፍ ድንኳኑን አየሁ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ አባትሽን፣ አባትሽን እያሉ ጮኹ። ጫማዬን የት እንደጣልኩት እስካሁን አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ ስጮህ አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብሩኬን ሳያናግሩት ሄዱ።

ስልኬን አወጣሁ። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከዚያ መልእክትህ መጣ፣ "ስለ አባባ ከሆነ ሌላ ጊዜ" የሚል። አዎ፣ ስለ አባባ ነበር። ሞቱ ልልህ ነበር። ሌላ ጊዜ! ሌላ ጊዜ የሚባለውን ነገር ማን በእጅህ ሰጠህ? አባ መዝጊያን ስትፈልግ ትገድለዋለህ፣ ስትፈልግ ታነሳዋለህ፤ አባባም እንደዚያ መስለውህ ነው? በሕይወቴ ሰው እንደዚያች ደቂቃ ንቄ አላውቅም። እህትህ ነኝና ልደብቅህ አልችልም።

አባባ የመጡት ይሄኔ ነው። ከማዶ ባለው ጫፍ ነበር የገቡት፤ የእማማ ሰዓዳ ቤት ለቅሶ መስሏቸው። እሳቸውም የኮልፌ ሰው ናቸውና ማንንም አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ንፍሮ ሲዞር ዘገኑ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ቆይተው አጠገባቸው ወዳሉት ወደ ጋሽ ባጫ ጠጋ ብለው ምስኪን ሰዓዳ መቼ አረፈች ብለው ጠየቁ። የጋሽ ባጫ ጥሩምባ ከእጃቸው ወደቀ። እማማ ሰዓዳ ከውስጥ ሲወጡ አባባ ለእሳቸው ሲያለቅሱ አገኟቸው። መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥለው አቀፏቸው፣ ቀጥለው ሳይሞቱ አስለቅሰውኝ ብለው በሻርፓቸው ጫፍ መቷቸው። ድንኳኑ በሙሉ እያለቀሰ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የአባባን እግር ይዤ መነሳት አቃተኝ።

እድሩ ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። ሦስቱም ቤት ለቤት ዞረው ይቅርታ ጠየቁ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ አግዳሚ እንዲሸከሙና ድስት እንዲያጥቡ ተፈረደባቸው። እሰይ! በአራት ቀን ውስጥ ጉዲሳ የሃያ ሰባት ሰው ስም አወቀ፤ ያለ ጠጠር። ገብረአምላክንም ሰላም ማለት ጀምሯል። ሰውየው ደንግጦ ምን አጠፋሁ ብሎ እኔን መጥቶ ጠየቀኝ።

እሑድ ማምሻውን ድንኳኑ ሲፈርስ አባባ ሔለንን ጠሯት። አጠገባቸው አስቀምጠው ያ የበሩ ሰውዬ እንዴት ሞተ ብለው ጠየቋት። እሷ ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ፤ ከየት ያውቁታል? ለካስ ከግንቦት ጀምሮ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመስኮቱ ሥር የሚሞቁት ፀሐይ አንተ ነህ። ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዘው ልጃቸው እሳቸውን ሲሆን ሲያዳምጡ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሰውየው ልጅ ነበረው ወይ አሏት። ሔለን ያንን የምንቀውን ደብተሯን ገለጠች። ልጅ አለው፣ ሩቅ ነው፤ ስለ ልጁ በጠየቅነው ቁጥር ሁለቴ ይስልና ከመጣ በሩ አይቆለፍበትም ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም ብላ አነበበችላቸው።

አባባ ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የምለው አሉ። ቆይተው ደግሞ ታዲያ ማን ገደለኝ ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ፤ እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከትናንት ወዲያ ጢማቸውን ተላጭተው ወደ ጓሮው ክፍል ገቡ። ወንበር መረጡ። የስኳር ጣሳው የት እንደሚቀመጥ ጠየቁ። በር ያለ ጠባቂ አይሆንም፣ አልሞትኩም በሉት፣ ቅዳሜ እኔ ራሴ እቀመጣለሁ አሉ። ያ ቀንድ ያለው አውሬም ከመጣ እዚያው ነኝ አሉ። ሔለን ደንቡን ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ደንቡን እኔ ነኝ ያወጣሁት ብለው ቆረጡባት።

እንግዲህ ለሌሎች ስታስተምር የኖርከውን አሁን አንተ ትሠራዋለህ። በነገራችን ላይ ጠጠርህን ደብቄዋለሁ። ቢመጣም አይሠራም። ጤናቸውን ሦስት ጊዜ ጠይቅ። ሁለቴ ሲስሉ አታቋርጣቸው፤ ከሳሉ በኋላ ነው ነገሩ የሚመጣው። ጸበሉን ካነሱ ዝም ብለህ ስማ፤ እስካሁን ሰው ሲያዳምጥህ ነው የኖርከው። አፍህ ልጅ ሆኖ ማናገር እምቢ ካለህ ደግሞ እንደ መንገደኛ ሆነህ ግባ። እሳቸው እንደሆነ አንተን እንደሌላ ሰው መስማት ለምደዋል።

ደሜ እንደምን ከረምክ ይልሃል። ርሆቦት ሦስት ጥርሷ ወልቋል፤ አፏን ከፍታ የወለቀበትን በስልክ ልታሳይህ ትፈልጋለች። እማማ ሰዓዳ ይመርቁሃል፤ ከመመረቃቸው በፊት ያሉህን ግን አልጽፈውም። ጋሽ ባጫ ጥሩምባው ጫፉ እንደተጣመመ ንገሪው ብለዋል። ጉዲሳ፣ ኑሕና ሔለን ሰላም ይሉሃል፤ እጃቸው በድስት ጥላሸት ስለጠቆረ አይጽፉም። ገብረአምላክ ማር የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል።

አባባ ብቻ ሰላምታ አላኩም። የእኔን እሱ ይጠይቅ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነኝ ብለዋል።

እህትህ ሸዋገነት ኃይለመስቀል
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.